የሞቱት ዓሦችና የላምሪያ ሐሳብ

በበጋው ማብቂያ ላይ ከባድ ነፋስ ሐይቁን ሲያምሰው ሰነበተና አንድ ጠዋት የላምሪያ ዓሦች በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተገኙ። ላምሪያ ያየቻቸው መኖ ልትበትንላቸው ጆንያ ተሸክማ ወደ ውሃው ስትወርድ ነው። የቀርከሃው መረማመጃ ላይ ቆማ ጥቂት ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ጆንያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። አልጮኸችም። ጎረቤት የሰማው ኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታና ሽታው ሲነሳ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በሐይቃችን አዲስ አይደለም። ነፋስ ሲበረታ ከሥር የተኛው አየር የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። በሐይቁ ውስጥ እንደልቡ የሚዋኝ ዓሣ ይሸሻል፤ መረብ ውስጥ የታጎረው ግን መሸሻ የለውም። ላምሪያም ይህን አሳምራ ታውቃለች። እነዚያን ተንሳፋፊ የዓሣ በረቶች ከባሏ ከማንጋሳ ጋር በገዛ እጇ ነው የሠራቻቸው። ማንጋሳ በሳንባ በሽታ ከሞተ በኋላም ብቻዋን ስታስተዳድራቸው ቆይታለች። አንዲት ልጃቸው ሪስማ ባታም ደሴት ሄዳ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች።

ነገሩን ነገር ያደረገው የጃሆታንግ በረት ነበር። ጃሆታንግ የማንጋሳ ታናሽ ወንድም ነው። የእሱ በረት ከላምሪያ በረት ጎን ለጎን ነው የሚንሳፈፈው፤ መረቡና መረቧ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። በዚያ ጠዋት ግን የጃሆታንግ በረት ባዶ ነበር። በዋዜማው ከሲያንታር ከተማ ለመጣ ነጋዴ ቆሮሶ ዓሣውን በሙሉ አውጥቶ ሸጦለታል።

ሁለቱ ከማንጋሳ ቀብር ወዲህ አይነጋገሩም። ጃሆታንግ ወንድሙ ኮረብታው ላይ ባለው የአባቶቻቸው የድንጋይ መቃብር እንዲያርፍ ፈልጎ ነበር። ላምሪያ ደግሞ ከቤቷ ጓሮ፣ ሐይቁ ከሚታይበት ቦታ ቀበረችው። ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቻ ሆነ፤ እሱም ሰው ሲያይ።

በዚያን ቀን መንደርተኛው ወርዶ ዓሣውን በቅርጫት እየዛቀ አወጣ። ከማንጎው ዛፎች ማዶ ጉድጓድ ተቆፈረ። ጃሆታንግም አካፋውን ይዞ መጣ፤ ከማንም ሳይነጋገር ከዳር ሆኖ ሲቆፍር ዋለ። ላምሪያ ከሩቅ ታየው ነበር። ኋላ ለእኛ ለመዘምራኑ ስትነግረን ላቡ እንኳ የጥፋተኛ ላብ መስሏት እንደነበር አልደበቀችንም።

ሐሳቡ ሲጀምር ትንሽ ነበር። «ለምን በዋዜማው?» የሚል ብቻ። በማግስቱ «ያውቅ ነበር» ሆነ። ከዚያ «አውቆ ዝም አለ»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዝም ብቻ አላለም» የሚል ጨመረበት። ሳምንቱ ሳያልቅ ጃሆታንግ በላምሪያ ልብ ውስጥ ማታ ማታ ታንኳ ላይ ወጥቶ መረቧ ውስጥ መርዝ የሚበትን ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። እንዴት እንደያዘው፣ በምን ጣሳ እንደነበረ፣ በየትኛው እጁ እንደበተነው ሳይቀር ይታያት ነበር። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ሐሳቡ ቀድሟት ነቅቶ ይጠብቃታል። ሩዝ ጥዳ ትረሳለች፤ ሩዙ ሲያር እሱም የጃሆታንግ ጥፋት ይመስላታል።

የመከር ምስጋና በዓል እየቀረበ ስለነበር በዚያ ሰሞን መዘምራኑ ቶሎ ቶሎ እንሰበሰብ ነበር። ላምሪያ የሁለተኛው ድምፅ መሪ ናት። እሷ ካልያዘችው ሁለተኛው ድምፅ ወደ አንደኛው ይሸሻል፤ እኛም ሳናውቀው ሁላችንም አንድ ዜማ እየጮኽን እንገኛለን። በዚያ እሑድ ግን ራሷ ላምሪያ ተራዋ ሳይደርስ ብቻዋን ገባች። ምእመናኑ ዞረው አዩን። ከፊት ለፊታችን ባለው አግዳሚ ጃሆታንግ ተቀምጦ ነበር፤ ላምሪያ አምልኮውን ሙሉ የማጅራቱን እጥፋት ስታይ ነበር የዋለችው።

ስንወጣ ኑሪንታን ክንዷን ያዘቻት። ኑሪንታን የአንደኛው ድምፅ መሪ ናት፤ ዝም ማለት የማይሆንላት ደግ ሴት ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጥለሽን የት ልትሄጂ ነበር?»

«ተሳሳትኩ። ሰው አይሳሳትም?»

«አንቺ አትሳሳቺም። ስሚኝ፣ የሪስማ እናት፤ ዓሣው ሞተ፣ ሞተ። ጥሩ ጥሩውን አስቢ። ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

«ጥሩ ጥሩውን ከየት ላምጣው? ገበያ ወጥቷል?»

«ይኸው! ቀልድሽ እንኳ ሆምጣጣ ሆኗል።»

ላምሪያ ግን ምክሩን አልናቀችውም፤ ሞከረችው። በማግስቱ ሩዝ እያጠበች ያላትን መልካም ነገር አንድ በአንድ ማሰብ ጀመረች። ጤና አላት። ልጅ አላት። የማያፈስ ጣራ አላት። ጣራው ላይ ስትደርስ ቆርቆሮውን ከማንጋሳ ጋር ሆኖ የመታው ማን እንደሆነ ትዝ አላትና ሩዙን ከነውሃው ደፋችው። በሌላው ቀን ሽንኩርቷ ጥሩ መብቀሉን አሰበች፤ ሽንኩርቱ የተተከለበት መሬት ግን ከጃሆታንግ መሬት ጋር ይዋሰናል። ወዴትም ብትነሳ መንገዱ እየዞረ እሱ ቤት ያደርሳታል። መጨረሻ ላይ ተንበርክካ ጸለየችለት። «ጌታ ሆይ፣ ጃሆታንግን ባርከው» አለችና «መቼም አንተ ታውቀዋለህ» ብላ ጨመረችበት። ይህን ስትነግረን እሷም ስቃለች፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሰሃላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ መጡ። ጋሽ ሰሃላ ሲሰብኩ ያንቀላፋሉ ተብለው የሚታሙ ሰው ናቸው፤ አድማጩ ሳይሆን እሳቸው። ሻይ አልፈልግም ብለው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። የተጠበሰውን ሙዝም ጨረሱት። ከዚያ ከንፈራቸውን ጠራርገው፦

«በመዝሙሩ ጊዜ ፊትሽን አየሁት» አሏት።

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ነው።»

«ጋሼ፣ መልካም መልካሙን አስቢ ሊሉኝ ከሆነ የመጡት ኑሪንታን ቀድማዎታለች።»

«እሷማ በሁሉም ትቀድመኛለች» አሉና ወደ ሐይቁ ዞር ብለው ቆዩ። «ግን እኮ ሐዋርያው እነዚህን አስቡ ብሎ ሲዘረዝር በመልካሙ አይጀምርም። በምንድነው የሚጀምረው?»

«ንጹሕ የሆነውን...»

«ከሱ በፊት።»

ላምሪያ ባዶውን የሙዝ ሳህን አነሣች።

«እውነት የሆነውን ነው የሚለው። እኛ እሱን ዘለን ወደ ጣፋጩ እንሮጣለን። እኔም ጭምር።»

«እውነቱማ የታወቀ ነው። ዓሦቼ ሞተዋል።»

«እሱ እውነት ነው። ጃሆታንግ ገደላቸው የሚለውስ?»

ላምሪያ ደነገጠች። ስሙን ለማንም አንስታ አታውቅም።

«ማን ነገረዎት?»

«አንቺ። ስታስቢው ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።»

ሳታስበው እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ሲገድል አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያ ቀኑን ሙሉ ስታኝኪው የምትውዪው ምንድነው?»

«እርስዎ ዓሣ የለዎትም ጋሼ» አለች ላምሪያ። ድምጿ ከፍ ብሏል። «ዓሣ የሌለው ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል።»

«የለኝም» አሉ ጋሽ ሰሃላ፤ አልተቆጡም። «ሚስት ግን ነበረችኝ። የሞተች ጊዜ ሐኪሙን በልቤ ከስሼ፣ መስክሬ፣ ፈርጄ ስንት ጊዜ እንዳሰርኩት ብነግርሽ አታምኚኝም። ሰውየው ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ ግን አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኩትም። ኋላ ሞተ። አሁን የምጠይቀው የለም፤ ሐሳቡ ግን ዝናቡ ሲጀምር ይመጣብኛል።»

ከዚያ ተነሡ፤ ለመንገድ ሌላ ሙዝ አስጠቀለሉና ሄዱ።

ላምሪያ በሳቸው ተናዳ ሰነበተች። ቢሆንም የተቀደደ መረብ ስትጠግን ጥያቄያቸው ራሱን እየደገመ አላስቀምጥ አላት። የማውቀው ምንድነው? ዓሦቹ ሞተዋል፤ ይህን ታውቃለች። ነፋስ ነበረ፤ ይህንንም ታውቃለች። ጃሆታንግ በዋዜማው ሸጧል። ጉድጓዱን ሲቆፍሩ መጥቶ ቆፍሯል። የምታውቀው እዚህ ላይ ያልቃል። ጣሳውን፣ ታንኳውን፣ እጁን ራሷ ናት የሠራቻቸው። ከሁሉ ይልቅ ደጋግማ የምታስበው ነገር ፈጽሞ የማታውቀው ነገር ሆኖ አገኘችው። ይህን ማየቷ አላስደሰታትም። ምክንያቱም ማወቂያው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ ጃሆታንግ ቤት የሚወስደው ነው።

ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄደች።

ጃሆታንግ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤቱ ወለል ሥር፣ ምሰሶዎቹ መካከል ቁጢጥ ብሎ የጀልባውን ሞተር ይፈታ ነበር። ሲያያት መፍቻውን እንደያዘ ተነሣ። ከጣራ ወድቆ ግራ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ አይታጠፍለትም፤ ሲነሣ ምሰሶውን መያዝ አለበት።

«የባሊጋ አባት፣ ደህና ነህ?» አለችው በልጁ ስም ጠርታ።

«ደህና። ሰው ታመመ እንዴ?»

«የታመመ የለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ሰሞኑን በልቤ ካንተ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ሁሌም የምረታው እኔ ነኝ። አንተ ባለህበት ይሁን ብዬ መጣሁ።»

«ጠይቂያ።»

«ዓሦቼ እንደሚሞቱ ታውቅ ነበር?»

የጃሆታንግ ፊት ጠቆረ። «መርዝ ጨመርክ ልትዪኝ ነው?»

«መርዝ መች አልኩ?»

«አስበሻል!»

«አስቤያለሁ» አለች ላምሪያ። «ስላሰብኩ ነው የመጣሁት።»

«ሰማሽ!» ብሎ ጃሆታንግ ወደ ላይ፣ ወደ ቤቱ ወለል ጮኸ። «መርዝ ጨምረሃል አለችኝ!»

«አላለችህም» አለች ሚስቱ ከላይ። «እየሰማሁ ነው። የጠየቀችህን መልስላት።»

ጃሆታንግ መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረው። ላምሪያ ጠበቀችው፤ በልቧ ስትከራከር ጠብቃው አታውቅም ነበር።

«ነጋዴው ነው የነገረኝ» አለ በመጨረሻ። «በሰሜን በኩል ባሉት መንደሮች ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ብልህ የሆነ ሰው እያወጣ ነው አለኝ። ለዚያ ነው የሸጥኩት። ዋጋው ጥሩ ሆኖ አይደለም።»

«እሺ።»

«ከዚያ ልነግርሽ መጣሁ።»

«አልመጣህም።»

«መጥቻለሁ። በማንጎው በኩል። ሊመሽ ሲል። መዘምራኑ ግቢሽ ውስጥ ነበሩ፣ ትስቁ ነበር። ምን ያስቃቸዋል ብዬ ቆም አልኩ።» እግሩን አየ። «የኔን አካሄድ እያሳየሻቸው ነበር። ከቁርባን ስመለስ እንዴት እንደምሄድ። ምሰሶውን እንዴት እንደምይዝ ሳይቀር። በጣም ትችዪበታለሽ።»

ላምሪያ እግሩን ላለማየት ፊቷን ወደ ሞተሩ አዞረች።

«ተመለስኩ» አለ ጃሆታንግ። «በመንገዴ ላይ ይበላት አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። ማታ ሲበርድልኝ ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስወርድ አንቺ መረማመጃው ላይ ቆመሽ ነበር። ይኸው ነው። መርዝ የለም።»

ላምሪያ «እሺ» አለች፤ ሌላ ምንም ሳትል ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከፊተኞቹ የከፉ ነበሩ። ቀድሞ የነበራት ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ አንዳንዴ ይዘናጋል። አሁን የያዘችው ግን እውነት ነው። አንዲት ቃል ቢነግራት ዓሦቿ በሕይወት ይኖሩ ነበር። ያቺን ቃል ያስቀረው ደግሞ የሷው ቀልድ ነው። አንዱን ስታስብ ትቆጣለች፣ ሌላውን ስታስብ ታፍራለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አቅቷት ቀረች።

ልምምድም ቀረች። እኔና ኑሪንታን ልናያት ስንሄድ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረችን። አካሄዱን ባሳየችበት ምሽት ግቢዋ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች የሳቁት ብዙ ነበሩ፤ ኑሪንታን የሻይ ብርጭቆዋን ታሽከረክር ጀመር።

«ቢነግርሽ ኖሮ ታወጫቸው ነበር?» አለች ቆይታ።

«አወጣቸው ነበር።»

«ነጋዴውስ ይገዛሽ ነበር?»

«እሱን አላውቅም።»

«አታውቂም» አለች ኑሪንታን።

ለውጡ የመጣው በጸሎት ላይ አልነበረም፤ ወይም ላምሪያ በጸሎት ላይ ነበር አላለችም። ሽንኩርት እያረመች ነበር። እጇ አረሙን ይነቅላል፣ ሐሳቧ እንደተለመደው ማንጎው ሥር ይመላለሳል። ጃሆታንግ እዚያ ቆሞ ሲያዳምጥ ታየዋለች፤ ከዚያ ዞሮ ሲሄድ። ድንገት ሌላ ነገር ታያት፦ በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ከሱ በቀር ማንም ሰው አልነበረም። ማንም አላየውም። ቅዳሜ ጠዋት ስትጠይቀው «አላውቅም ነበር» ብሎ ቢመልስላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። መምጣቱንም፣ መመለሱንም፣ «ይበላት» ማለቱንም የሚያውቅ ከሱ በቀር በምድር ላይ የለም። እሱ ግን ሚስቱ እየሰማች ሁሉንም በራሱ ላይ ተናገረ።

ላምሪያ አረሙን እንደያዘች ቀጥ አለች። ይህን ሐሳብ አልወደደችውም። ከጃሆታንግ ላይ መልካም ነገር ለማግኘት አልወጣችም ነበር፤ ሽንኩርት ልታርም ነው የወጣችው። ስለዚህ መረመረችው። እውነት ነው? እውነት ነው፤ በጆሮዋ ሰምታለች። መልካም ነው? ከዚህም ከዚያም አገላብጣ አየችው። ክፉ ጎን አጣችበት። አንድ ሰው መዋሸት ሲችል አልዋሸም። እሷ ራሷ በሱ ቦታ ብትሆን ምን ትል እንደነበር ለማሰብ ሞከረችና ቶሎ ተወችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ሐሳብ ያዘቻት። ደስ ስላላት አይደለም፤ ካሉት ሁሉ የምትጨበጠው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ያ የቀድሞው ሐሳብ እንደልማዱ ቀድሟት ይነቃል። አታባርረውም፤ ማባረሩ እንደማይሳካላት አይታዋለች። «እሺ፣ አንተም እውነት ነህ» ትለዋለች፤ ቀጥላም ሁለተኛውን ከጎኑ ታስቀምጥበታለች። «መዋሸት ሲችል አልዋሸኝም።» አንዳንድ ቀን ይህ እስከ ምሳ ያቆያታል። አንዳንድ ቀን ሩዙ ሳይፈላ ያልቅባታል፤ ያን ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያ ትጀምራለች። ለጋሽ ሰሃላ ይህን ስትነግራቸው «ቀላል ነው አላልኩም» ብቻ ነው ያሏት። ከዚያ ሙዝ አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

ወሬው ባታም ደሴት ድረስ ደርሶ ኖሮ ሪስማ ደወለች። ልጅቷ እያለቀሰች ትጮኻለች።

«እማዬ፣ አጎቴ ነው አሉ የጨረሰን! እያወቀ! ለዘመዶቻችን ሁሉ ነው የምነግርልሽ፤ ለገና ስመጣ ፊት ለፊት ነው የምነግረው!»

«ንገሪያቸው» አለች ላምሪያ። «ግን እናቴ የተሰበረ እግሩን አካሄድ እያስመሰለች ሰው ስታስቅ ሰምቶ ነው የተመለሰው ብለሽም ጨምሪበት።»

ሪስማ ተናፈጠች።

«እሱን ለምን እነግራለሁ?»

«እውነት ስለሆነ።»

«እማዬ፣ አንቺ የማን ወገን ነሽ?»

«የማንም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘሽ አትዙሪ ነው የምልሽ። ሁለቱንም ንገሪ፣ ካልሆነ ሁለቱንም ተዪው።»

ሪስማ ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱ መልሳ ደወለችና ስለ ፋብሪካው ምግብ ብቻ አወራች።

የመከር ምስጋና ቀን ደረሰ። ሰው የየራሱን ይዞ መጣ፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ዶሮ፣ አንዳንዱም አሳማ። ላምሪያ በየዓመቱ ዓሣ ነበር የምታመጣው፤ ያን ጊዜ አንድ ቅርጫት ሽንኩርት አምጥታ ከመሠዊያው ሥር አስቀመጠች። ዘመርን። ሁለተኛው ድምፅ አልሸሸም። ጃሆታንግ ያን ቀንም ከፊታችን ነበር የተቀመጠው፤ ላምሪያ የት ታይ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ወረቀቴን ነበር የማየው።

ከጸሎቱ በኋላ ሰው ለመብላት ሲንቀሳቀስ ላምሪያ ግቢው ውስጥ ወደ ጃሆታንግ ሄደች። ሰው ይሰማል አላለችም።

«ስለ እግርህ ነው» አለችው።

«ተዪው።»

«አልተወውም። ነውር ነው ያደረግኩት። ይቅር በለኝ።»

ጃሆታንግ ዙሪያውን አየ። አንገቱ ቀላ። ምን ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ወንድሙ ማንጋሳም እንደዚያው ነበር።

«በረትሽ እየሰመጠ ነው» አለ በመጨረሻ። «በአንድ ጎኑ ገብቷል። መረቡ ከታች ድንጋይ ከያዘ አይወጣልሽም።»

«አይቻለሁ።»

«ማክሰኞ ልምጣ?»

«ና» አለችው።

እሱም ይቅርታ ይጠይቃል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጠየቀም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ይህንኑ ስታብሰለስል ሄደች፤ ደጇ ስትደርስ ግን ማክሰኞ ማን እንደሚመጣ አሰበችና በሩን ከፍታ ገባች።

ማክሰኞ ጃሆታንግ ከነሚስቱ መጣ። ሚስቱ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና በእርድ የተሠራ ዓሣ ይዛለች። በረቱ አንድ ጎኑ ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ ነበር፤ አንሳፋፊ በርሜሎቹ ተቀድደው ውሃ ገብቶባቸዋል። ገመድ አሠሩና ከዳር ሆነው ይጎትቱ ጀመር።

«ወደ ግራ!» ይላል ጃሆታንግ ከታንኳው።

«የማን ግራ?» ትላለች ላምሪያ። «ያንተ ነው የኔ?»

«ግራ ግራ ነው!»

«ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ነው የቆምከው፤ እንዴት አንድ ይሆናል?»

«ወንድሜ እንዴት ቻለሽ?»

«ወንድምህ ቀኝና ግራ ያውቅ ነበር!»

ሚስቱ ከመሳቋ የተነሣ ገመዱ አምልጧት ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ገመዱን እንደገና ያዙ፤ በረቱም እየተንቋቋ፣ የሐይቅ አረም እየጎተተ ወደ ዳር ወጣ። ከሦስቱም ጭቃ ያልነካው ሰው አልነበረም። ዳር ላይ ተቀምጠው ሩዙን በሉ። ስለ በርሜሎቹ፣ የትኛው ሊጠገን እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። ጃሆታንግ ሁሉም ይጣል ይላል፣ ላምሪያ ግማሹ ይሠራል ትላለች። ነገሩን ሳይጨርሱ ዝናብ ጀመረና በየቤታቸው ሮጡ።

ያን ማታ ላምሪያ ልብሷን እያጠበች ሳለ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሞቱት ዓሦች አንድም ጊዜ አላሰበችም ነበር። ጭቃው ግን ቶሎ አልለቅ ብሏት ሳሙና ጨመረችበትና ማሸቷን ቀጠለች።